የሆየር ፈሳሽ፦ ከአራት ዓመት የላባ ቅንቅን ሥራ በኋላ

ስለ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነው የምጽፈው። ውስጧ ቀጭን ማር የመሰለ፣ ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ አለ። የሆየር ፈሳሽ ይባላል። ሥራው ጥቃቅን ፍጥረታትን በመስታወት ስላይድ ላይ ይዞ በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ማድረግ ነው። እኔ የምጠቀምበት በወፍ ላባ ላይ ለሚኖሩ ቅንቅኖች ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከእጄ አልተለየም። የምወድለትም፣ ያስለቀሰኝም ነገር አለ።

ቅንቅኖቹን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ወፍ የሚይዝና ቀለበት አስሮ የሚለቅ ጓደኛ አለኝ። የወፏን ክንፍ ቀስ ብሎ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲያነሳው፣ በትልልቆቹ ላባዎች ላይ ከአገዳው አጠገብ አቧራ የመሰለ ነጠብጣብ በመስመር ተደርድሮ ይታያል። አቧራ አይደለም። አብዛኞቹ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሚሆኑ ቅንቅኖች ናቸው፤ በላባው ቃጫዎች መሀል ባለው ቦይ ውስጥ ተለጥፈው ይኖራሉ። ደም አይመጥጡም። የሚበሉት ላባው ላይ ያለውን ፈንገስና ባክቴሪያ፣ ምናልባትም ወፏ ላባዋን የምትቀባውን ቅባት ነው። ሊረግፍ የተቃረበ ላባ ላይ ካሉ ደግሞ አስቀድመው ለቀውት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። እንዴት እንደሚያውቁ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። እስካሁን ስም የወጣላቸው ወደ 2,500 የሚሆኑ ዝርያዎች ናቸው። ስም ያልወጣላቸው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ ተብሎ ይገመታል።

አዲስ ዝርያ መሆኑ ታዲያ በምን ይለያል? በአብዛኛው በፀጉር። የትኛው ፀጉር የት በቀለ? ርዝመቱ ስንት ነው? ጀርባ ላይ ያለው ጋሻ ጫፉ የት ድረስ ይደርሳል? ፕሮክቶፊሎደስ በሚባለው ወገን ወንዱ በስተኋላ ጫፉ ላይ ቅጠል የመሰሉ ሁለት ስስ ክፍሎች አሉት። የእነዚህ ቅጠሎች ቅርጽና የብልቱ ርዝመት አንዱን ዝርያ ከሌላው ይለያሉ። ሁሉም በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር ሺህኛ፣ የሚለካ ነው። ቅንቅኑ የተቀመጠበት ፈሳሽ ካላገዘ ደግሞ፣ ምንም ዓይነት ማይክሮስኮፕ ቢኖራችሁ አታዩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ የሚታጠፍበትና በቅንቅኑ ቆዳ ውስጥ የሚታጠፍበት መጠን መለያየት አለበት። ከተቀራረቡ ፀጉሩ እዚያው ቆሞ ከዓይን ይጠፋል። የካናዳ በለሳም የሚባለውን የዛፍ ሙጫ የሞከርኩት ዕድሜው ረጅም ነው ስላሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይቆያል። ግን መጀመሪያ በቅንቅኑ ውስጥ ያለውን ውሃ በአልኮል ደረጃ በደረጃ ማስወጣት ይጠይቃል፤ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የእግሮቹን ጫፍ ፀጉሮች ዓይኔ እስኪቀላ ብፈልግ አጣኋቸው። ከዚያው ላባ የመጣ ሌላ ቅንቅን በሆየር አስቀመጥኩና፣ የብርሃን መታጠፍን ልዩነት ወደ ጨለማና ብርሃን በሚቀይረው ፌዝ ኮንትራስት በሚባል የማይክሮስኮፕ ዘዴ አየሁት። እያንዳንዷ ፀጉር እንደ ጥቁር ክር ቁልጭ ብላ ወጣች። ያን ቀን ቆጥሬ ሳልጨርስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የፈሳሹ አሠራር ምስጢር የለውም። 50 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 30 ግራም የግራር ሙጫ፣ 200 ግራም ክሎራል ሃይድሬት፣ 20 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን። ሙጫው አስቀድሞ በውሃው ይሟሟል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ። ችግሩ ክሎራል ሃይድሬት ላይ ነው። ድሮ ለእንቅልፍ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ስለሆነ በብዙ አገር ቁጥጥር ይደረግበታል። መርዝነትም ስላለው ያለ ጓንት አይነካም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን እንገዛለን።

የመጀመሪያው ብልቃጤ አሳዘነኝ። ሻጩን አልጠራውም። ፈሳሹ ከመጠን በላይ ቀጥኖ ነበር፤ ሲደርቅ ወደ መሀል ሸሸና ከክዳን መስታወቱ፣ ናሙናው ላይ ከሚከደነው ስስ መስታወት፣ ሥር አየር ገባ። ከ20 ስላይድ 14ቱ ተበላሹ። ብጽፍላቸው «አንቀጥቅጠው ይጠቀሙ» አሉኝ። እንደተባልኩት አደረግሁ፤ ብልቃጡ በአረፋ ተሞልቶ ሁለት ቀን አልጠራም። የሆየር ፈሳሽ በፍጹም አይንቀጠቀጥም። ይህን የማያውቅ ሰው ባይሸጠው ይሻላል። ሁለተኛውን ከሌላ ቦታ ገዛሁ፤ እስካሁን የምጠቀመው ከእነሱ እየገዛሁ ነው።

ቅንቅኑን መጀመሪያ ላክቲክ አሲድ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሥጋው ይሟሟና ቆዳው እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል። ከዚያ ስላይዱ ላይ አንዲት ጠብታ ሆየር፣ በጠብታዋ ውስጥ ቅንቅኑ። በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ወደ ታች ተጭኜ እግሮቹን እዘረጋለሁ። ክዳን መስታወቱን በአንድ ጎን አስደግፌ ቀስ እያልኩ አወርደዋለሁ። የወፍራም ፈሳሽ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የዘረጋችሁት እግር ዘርግታችሁ እንደተዋችሁት ይቆያል። በ50 ዲግሪ ሙቀት ጥቂት ቀናት ካደረ ጥቃቅኖቹ አረፋዎች በራሳቸው ይጠፋሉ።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ስህተትን ማረም መቻሉ ነው። ባለፈው ዓመት ለአዲስ ዝርያ ገለጻ ያዘጋጀሁት ወንድ ቅንቅን ሦስተኛ እግሩ ከሆዱ ሥር ታጥፎ ደረቀብኝ። ከዚያ ወፍ ያገኘሁት ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ስላይዱን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። በማግሥቱ ክዳኑ ራሱ ተንሳፎ ተነሳ፤ ቅንቅኑም አንድ ፀጉር ሳይጎድልበት ወጣ። እንደገና ዘርግቼ አስቀመጥኩት። ለዚሁ ሥራ የሚውሉት የፖሊቪኒል አልኮል ፈሳሾች ቶሎ ይደርቃሉ፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመልሱላችሁም።

ችግሩም ከዚያው ከውሃ ወዳድነቱ ይመጣል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ውሃ ይጠጣና ይላላል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዓመታት ሲያልፉ ክሪስታል ይሠራል። በሦስተኛው ዓመት ጠርዙን ያልዘጋሁት አንድ ስላይድ አወጣሁ። ከዳር የተነሱ መርፌ መሳይ ክሪስታሎች የሴቷን ጀርባ ጋሻ አልፈው እስከ አንገቷ ደርሰዋል። ጀርባዋ ላይ አንድም ፀጉር መለየት አልቻልኩም። እሷ ተራ ናሙና ነበረች። ሆሎታይፕ ብትሆን ኖሮስ? ሆሎታይፕ የዝርያው ስም የታሰረበት አንድ ግለሰብ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ በሚወጣ የዝርያ ስም፣ ስሙን የሚሸከመው ናሙና በግልጽ ካልተሰየመ ስሙ ተቀባይነት የለውም። ያ ናሙና ከተበላሸ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ምን ላይ ያወዳድራል?

አሁን ምንም ስላይድ ሳልዘጋ አላስቀምጥም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የክዳኑን ዙሪያ በጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ እቀባለሁ፤ ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ሲደርቅ ነው። ስላይዶቹ በጀርባቸው ተኝተው፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ሳጥን ይቀመጣሉ። ከሆሎታይፑ ጋር የተገለጹትን ሌሎች ናሙናዎች ደግሞ በተለያዩ ሙዚየሞች አከፋፍላለሁ።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን የነፈግሁት በክሪስታሉ ምክንያት ነው። ለላባ ቅንቅን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ግን በእጄ አልገባም። ስትገዙ መቼ እንደተዘጋጀ ጠይቁ። ብልቃጡ ሲደርሳችሁ የመስታወት ዘንግ ነክራችሁ አውጡ። ጠብታው ክር እየሳበ ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። እንደ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ ግን ሳትጀምሩት መልሱት።