የቀረጥ ዕድል ወይስ የንግድ ድርጅት አባልነት፦ ለባሕር ዳር ጨርቅ የቱ ይሻላል?

ባሕር ዳር ጥጥ ፈትላ የምትሸምን ከተማ ናት። ጨርቋን ባሕር ማዶ ለመሸጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ሀብታም አገር በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ አለዚያም የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት።

አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አጎዋ፣ ማለትም ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ገበያ የሚከፍተው ሕግ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። መደበኛ ታሪፉ 16.5 በመቶ የሆነ የጥጥ ካናቴራ በዚህ ዕድል ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ትርፉ በሳንቲም ለሚቆጠር ፋብሪካ ይህ ትእዛዝ የማግኘትና የማጣት ጉዳይ ነው። ግን ሰጪው የሰጠውን መልሶ ይወስዳል፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዕድሉ ታገደች፤ ምክንያቱ የጨርቁ ጥራት አልነበረም።

አባልነት እንዲህ ያለ ስጦታ የለውም፤ ካናቴራው ታሪፉን ይከፍላል። ሆኖም አባል አገር በመርህ ደረጃ ለአንዱ የቀነሰውን ቀረጥ ለሌሎቹም ይቀንሳል፤ ቃል ከገባበት ጣሪያ በላይ እንዳሻው አይጨምርም፤ ቢጥስ ይከሰሳል። ዋጋው ከባድ ነው፦ ቀረጥ ከፍሎ የገባ የውጭ ጨርቅ በአገር ውስጥ ግብር ከኛው እኩል ይታያል። የጣና ዳር ሸማኔ ያን ፉክክር ለመቋቋም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የመሸጋገሪያ ጊዜ ላይ ጠንክሮ መደራደር የሚገባውም ለዚህ ነው።

እኔ አባልነትን እመርጣለሁ። ኢትዮጵያ ጥያቄዋን ያቀረበችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ለሽመና ማሽን ከባንክ የሚበደር ሰው ብድሩን ከፍሎ እስኪጨርስ የገበያው በር ክፍት እንደሚቆይ ማወቅ አለበት።