የቱሉ ዲምቱ ኮፒ ቤቶችና የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ብለው የለጠፉ ቤቶች የሥራ ማመልከቻም ይጽፋሉ። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርብ ስለሆነ ሥራ ፈላጊ አያጡም። ለትየባ፣ ለኅትመትና ለስካን ጥሩ ናቸው፤ እጃቸው ፈጣን ነው። ደብዳቤውን አርቅቁልኝ ማለት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ክፍያው በገጽ እንጂ በሐሳብ አይደለምና ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ቅጽ ይወጣል። ቀንና ስም ይቀየራል፤ «ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» የሚለው ግን ለሁሉም ያው ነው። የአንድ ሰፈር ልጆች ለአንድ መደብ ሲያመለክቱ ደብዳቤያቸው ቃል በቃል ይመሳሰላል። የባሰው ደግሞ የፊተኛው ደንበኛ ያመለከተበት ድርጅት ስም መጨረሻው አንቀጽ ላይ ሳይነካ ሲቀር ነው። ከላይ ያለው አድራሻ ስለተስተካከለ ዓይን ያልፈዋል።

ስለዚህ ረቂቁን በእጅ ጽፋችሁ ሂዱ። ቀን በስተቀኝ፣ ተቀባዩ በስተግራ፣ «ጉዳዩ፦» ላይ የሥራ መደቡ መጠሪያ ማስታወቂያው ላይ እንደወጣው፣ ቁጥር ካለው ከነቁጥሩ። ሦስት አጭር አንቀጽ ይበቃል፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሥራውን የሚሠራው መካከለኛው አንቀጽ ነው። ለንብረት ክፍል የሚያመለክት ሰው «በንብረት አያያዝ ሰፊ ልምድ አለኝ» ቢል ቀጣሪው ምንም አያውቅም። «ለ2 ዓመት ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ አድርጌያለሁ፤ በየወሩ ቢን ካርዱን (የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱን) ከቆጠራ ጋር አመሳክሬያለሁ» ካለ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያለ ምስክር ይታያል። ልምድ የሌለው ተመራቂ አፓረንት (የሥራ ላይ ልምምድ) የወጣበትን ክፍልና እዚያ በእጁ የሠራውን ይጻፍ።

ዓመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሐምሌ 2015 የተመረቀ ሰው ዲግሪው ላይ 2023 ይላል፤ ደብዳቤው ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ ሁለቱ የተጋጩ ይመስላሉ። መጨረሻ ላይ «አባሪ፦» ብላችሁ የማስረጃዎቹን ዝርዝርና የገጹን ብዛት አስቀምጡ፤ አንድ ወረቀት ቢጠፋ ወዲያው ይታወቃል።

በኢሜይል የሚላክ ከሆነ የወርድ (Word) ፋይሉን እንዳለ አትላኩ። አንዳንድ ቤት አሁንም በድሮ የግዕዝ ፎንት ስለሚተይብ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ተዘበራርቆ ይከፈታል። ፒዲኤፍ አስደርጉና ከቤቱ ሳትወጡ በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ አንብቡት፤ የድርጅቱን ስም፣ የስልክ ቁጥራችሁንና የኢሜይል አድራሻችሁን ፊደል በፊደል እዩ። ስካን የተደረገው መታወቂያና ዲግሪም ዴስክቶፑ ላይ እንዳይቀር፣ ከሪሳይክል ቢኑ ጭምር እናንተ እያያችሁ እንዲጠፋ ጠይቁ። ደህና ቤት ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም።