ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በካታሎግ ዋጋ ቴምብር እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሰው የድሮ ቴምብር አልበም እያዞረ ይሸጣል። እኔ 22,000 ብር ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ።

አልበሙ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ወደ 640 ቴምብር አለው። ምኒልክ አሉ፣ አንበሳው አለ፣ የጃንሆይ ዘመን ወፎችና አበቦች አሉ። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም አሉበት። ለወሎ ሰው ላሊበላን ቴምብር ላይ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ እኔም የተረታሁት እዚያ ላይ ነው። ሰውየው ደግሞ ትሁት ነው። ቡና እየጠጣን «ወንድሜ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ መጽሐፉ ራሱ ይናገር» ብሎ የካታሎግ፣ ማለትም ቴምብሮችን ከነዋጋቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ፣ ፎቶኮፒ ዘረጋልኝ። ከየቴምብሩ ጎን የዶላር ዋጋ ተጽፏል። ሲደመር 800 ዶላር መጣ። በ130 ብር አባዛው፤ 104,000 ብር። «አንተ ሩቡን ብቻ ስጠኝ» አለ። ተከራክሬ 22,000 ላይ ተስማማን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ስሄድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴምብር ሲሰበስቡ ለኖሩ አንድ አባት አሳየኋቸው። ገና ፎቶኮፒውን ሲያዩ «የፊት ገጹ የታል?» አሉኝ። የለም። የታተመበት ዓመት የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የኢትዮጵያን ክፍል መጨረሻ ገለጡና በጣታቸው አሳዩኝ። መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ቴምብር በፈረንጆች 1980 የወጣ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከአርባ ዓመት በላይ ባለፈው ዋጋ ነው የገዛሁት ማለት ነው።

ያ ጊዜ ደግሞ ተራ ጊዜ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካና አውሮፓ ኑሮ ሲወደድ ብዙ ሰው ገንዘቡን ቴምብር ላይ አፈሰሰ። ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ። 1980 አካባቢ ጣሪያ ነካና ወረደ። ካታሎጎቹ ግን አብረው አልወረዱም። ስኮት የሚባለው የአሜሪካ ካታሎግ ዋጋዎቹን ሰው በእውነት ከሚከፍለው ጋር ለማስታረቅ ብሎ ብዙዎቹን በአንዴ የቀነሰው በ1989 እትሙ ነው። የእኔ ፎቶኮፒ ከዚያ በፊት የነበረው ነው።

እሳቸው ጋ ባለው አዲስ ካታሎግ ስናይ 500 ያህሉ ቴምብሮቼ 25 የአሜሪካ ሳንቲም ተብለዋል። ይህም ራሱ ያሳስታል። 25 ሳንቲም ካታሎጉ ለማንኛውም ቴምብር የሚያወጣው ትንሹ ዋጋ ነው። ነጋዴው ለይቶ፣ አሽጎ፣ አንዱን ነጥሎ ለመሸጥ የሚደክምበት ሒሳብ እንጂ ቴምብሩ የሚያወጣው አይደለም። 500 ጊዜ 25 ሳንቲም ብላችሁ ብትደምሩ ወረቀት ላይ 125 ዶላር ይመጣል፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛችሁ ግን የለም።

ሌላም አለ። ካታሎጉ ላይ ዋጋው በሁለት ረድፍ ነው፤ በግራ ያልተሠራበት፣ በቀኝ ማህተም ያረፈበት። ሰውየው ለሁሉም ሲያነብልኝ የነበረው የግራውን ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ማህተም አለባቸው። ደግሞም የሚጻፈው ዋጋ እንከን ለሌለው ቴምብር ነው። አባታችን አንዱን አንበሳ በፒንሳ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። መሃሉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ከአልበም ሲላቀቅ ወረቀቱ ከጀርባ ተልጧል። ከጥግ ደግሞ ከዳሩ ጥርሶች ሁለቱ ጎድለውታል። ከፊት ሲታይ ምንም አይመስልም።

እነዚህ የምኒልክና የአንበሳ ቴምብሮች የመጀመሪያዎቻችን ናቸው፤ በ1894 ፓሪስ ታትመው የመጡ ሰባት ናቸው። አራቱ ላይ ንጉሡ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ታሪካቸው ትልቅ ነው። ግን በብዛት ለውጭ ሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም። ያረጀ ሁሉ ውድ ይመስለናል።

የሚወደድ የለም እያልኩ አይደለም። ቻይና በ1980 ያወጣችው ቀዩ የዝንጀሮ ቴምብር ፊቱ ላይ 8 ፈን (የቻይና ሳንቲም) ነው የተጻፈበት፤ ቻይናውያን ገንዘብ ሲይዙና የራሳቸውን ቴምብር ሲፈልጉ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ዋጋውን ያወጣው ግን ፈላጊው ነው፤ ካታሎጉ ከኋላ ነው የተከተለው። ስፔን ውስጥ ደግሞ አፊንሳና ፎረም ፊላቴሊኮ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች «በቴምብር የተረጋገጠ ትርፍ» እያሉ ከሰው ገንዘብ ሰበሰቡ። በ2006 ፖሊስ ሲገባባቸው ከ350,000 በላይ ሰው ገንዘቡ ውስጥ ነበር። ጡረተኛው ብዙ ነበር።

ለአልበሜ የተሰጠኝ ዋጋ 1,500 ብር ነው። የሸጠልኝ ሰው ስልክ አይሠራም።

አባታችን አንድ ጥያቄ አስተምረውኛል። «በካታሎግ ይህን ያህል ያወጣል» ለሚላችሁ ሰው «ነገ አንተው በግማሹ መልሰህ ትገዛኛለህ?» በሉት። ፊቱን እዩ።

ኮምቦልቻ ላይም ሰሞኑን ቡናማ ሽፋን ያለው ሌላ አልበም እየታየ ነው ብለውኛል። ፎቶኮፒው ከመሃል ነው የሚጀምረው። የፊት ገጹን ጠይቁት።