የቻይና ሊድ ጊታር ከ10 ዋት አምፕ ጋር፦ አዳማ ላይ በትንሽ ብር የት ድረስ ይሄዳል?

ስም የሌለው፣ ቅርጹን ከፌንደር ስትራቶካስተር የወሰደ፣ ከትንሽ አምፕ፣ ከገመድና ከስስ ቦርሳ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን የቻይና ጊታር ሳታውቁት አትቀሩም። አዳማ ላይ ሊድ ጊታር የሚጀምር ልጅ፣ በቸርች ኳየርም ይሁን ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር፣ ብዙ ጊዜ እጁን የሚያፍታታው በእሱ ነው። «ብራችሁን አትጣሉ፣ እሱ እቃ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከካርቶኑ እንደወጣ ለሚጫወትበት ሰው እውነታቸውን ነው፤ ክሩ ከፍ ብሎ ጣት ያቆስላል፣ ቅኝቱ አንድ መዝሙር ሳያልቅ ይወርዳል፣ አምፑ ማንም ሳይነካው ያጓራል። ግን ይሄ ሁሉ ይስተካከላል፤ አብዛኛው ደግሞ በነጻ በሚባል ዋጋ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ልጆቹ ብር የሚያወጡበት ቅደም ተከተል ነው። ድምፁ አልጥም ሲላቸው ቀጥታ ፒካፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔት) ፍለጋ ይገባሉ። ፒካፕ የመጨረሻ ነው! መጀመሪያ ክር፣ ከዚያ አንገቱን ማስተካከል፣ ከዚያ የአምፑ ስፒከር። እነዚህ ካልተነኩ ምርጥ ፒካፕ ብታስገቡበትም ያንኑ ያልተቃኘ ጊታር ጮክ ብሎ ነው የምትሰሙት።

አብሮት የመጣውን ክር ሳታቅማሙ ጣሉት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ደህና ክር አስልኩ። ቀጭኗ 9 የሆነችው፣ ከ9 እስከ 42 የምትባለዋ ትበቃለች፤ ጊታሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ልክ የተዘጋጁ ስለሆኑ አንገቱም ብዙ አይረበሽም። ከዚያ ወፍራሙን ክር አንደኛውና የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች) ላይ ባንድ ጊዜ ተጫኑትና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ እዩ። በክሩና በፍሬቱ መሃል ወፍራም ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ካለች አንገቱ ደህና ነው። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ የሚያዞረውን ብሩጎላ ወደ ቀኝ፣ ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ ወደ ግራ። ባንዴ ከሩብ ዙር በላይ አትሂዱ፤ እንጨቱ እስኪረጋ ጊዜ ስጡት። አልዞር ብሎ ከጠነከረ አታስገድዱት።

የአዳማን አየር ደግሞ አትርሱ። በበጋ ነፋሱም ድርቀቱም የጊታሩን እንጨት ያኮማትረዋል፣ ፍሬቱ ግን ብረት ስለሆነ ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ጫፍ ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ብዙ ሰው የፋብሪካ ብልሽት ነው ብሎ ይበሳጫል። እንጨቱን በፕላስተር ሸፍኖ ጫፎቹን በደቃቅ ሞረድ ማለስለስ ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። የምግብ ዘይት ግን እባካችሁ አትቀቡት፤ ይሻግትና ይሸታል።

ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ሁሉም መቃኛዎቹን ይወቅሳል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ነጭ ፕላስቲክ ናት። ቦይዋ ውስጥ ክሩ ይያዛል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። እርሳስ ቅረጹና ቦዮቹን በጫፉ አጥቁሯቸው፤ ክሩ መንሸራተት ይጀምራል። ማንቀጥቀጫውን ዘንግ የማትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ከጀርባ ያለውን ክዳን ፍቱና ክሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ወደ ውስጥ በወረደው ብረትና በእንጨቱ መሃል አንዲት ጣውላ ሽጉጡ። ሰፈራችሁ ያለ አናጺ ከቁርጥራጩ ለክቶ ይሰጣችኋል። ከዚህ በኋላ መቃኛ ለመቀየር የሚያበቃ ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ።

ከድልድዩ በኩል ያሉትን ብሎኖችም ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነክታችሁ የሚሰጣችሁ ድምፅና ተጭናችሁ የሚሰጣችሁ ድምፅ አንድ መሆን አለበት። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ኮርቻውን (ክሩ ድልድዩ ላይ የሚያርፍባትን ትንሽ ብረት) በብሎኗ ወደ ኋላ ከአንገቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ይሄ ለእኛ ሙዚቃ ከማንም በላይ ያስፈልጋል። ትዝታም ባቲም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ መደበቂያ የላቸውም። አምባሰል ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች ግማሽ ቶን ብቻ ነው የሚራራቁት፤ እዚያች ላይ ጊታሩ ትንሽ ከወጣ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ፊቱን ያጨማድዳል።

ፒካፖቹን ከመቀየራችሁ በፊት ዝቅ አድርጓቸው። ማግኔቱ ለክሩ በጣም ሲቀርብ ክሩን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ላይኛው ፍሬት ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ከክሩ እስከ ፒካፑ ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ አለፍ የሚል ክፍተት ይዛችሁ ጀምሩ። ሥራው የካቻቢቴ ነው።

የሽቦ ሥራ የማታውቁ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ጋ ሂዱ። እኔ ፍራንኮ አካባቢ የምሄድባቸው አባት አሉ፣ በጣም ነው የማመሰግናቸው። «ጋሼ፣ ቮልዩሙን ሳዞረው ይንኳኳል፣ ልቀይረው ነው» ስላቸው ከፍተው አዩት። «አቧራ ነው ልጄ፣ አዲሱ ምን ያደርግልሃል» አሉና ማጽጃ ነፍተውበት ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩት ጸጥ አለ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። መቀየር ግድ ከሆነ ግን ቁጥሩን ለይታችሁ ንገሯቸው፦ ለእንደዚህ ዓይነቱ ባለ አንድ ጥቅል (ሲንግል ኮይል) ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም ነው። ለሬዲዮ የተሠራ 50 ወይም 100 ኪሎ ኦም ከገባበት ቀጭኑን ድምፅ ውጦት ጊታሩ ይታፈናል። ለቶኑ የሚሆነው ካፓሲተር 473 ወይም 223 የሚል የተጻፈበት ነው፤ ከአሮጌ ሬዲዮ ቦርድም ይነቀላል።

ጉምጉምታውን ለመቀነስ የኩሽና ፎይል ይበቃል፣ ግን በጥንቃቄ። የሆዱን ጉድጓድ ከውስጥ ኮላ ቀብታችሁ ፎይሉን ለጥፉበት። ኮላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ሌላው ላይ ስትደርቡ ጠርዙን አጥፋችሁ ብረቱ ከብረቱ እንዲነካካ አድርጉ። አንዲት ሽቦ ከፎይሉ ወደ ቮልዩሙ ጀርባ፣ ማለትም ወደ ግራውንዱ ትሂድ። ሲያልቅ ገመዱ የሚሰካበትን ቦታ እዩ፦ ድምፅ የሚያልፍበት ጫፍ ፎይሉን ከነካ ጊታሩ ጨርሶ ድምፅ አይሰጥም፣ እዚያች ጋ ፕላስተር ለጥፉበት።

ወደ አምፑ ልምጣ። ቆሻሻ ድምፅ የሚያወጣው ቁልፍ ሲከፈት እንደ ተርብ ነው የሚጮኸው፣ በዚያ አትልፉ። ንጹሑ ቻናል ግን ደህና ነው። የኛ ዘፈንና መዝሙር ጊታር አብዛኛው ንጹሕ ድምፅና ትንሽ ኤኮ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ይህች አምፕ ለእኛ ከምትገባን በላይ ትሠራለች። የሚያንቃት ስፒከሯ ነው። አዳማ ላይ የመኪናና የባጃጅ ስፒከር በሽ ነው፣ ግን አትቸኩሉ። የመኪናው አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፣ አምፑ 8 ኦም የሚል ከሆነ ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ አስገድዶ ያቃጥለዋል። ሲቀጥል የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ያለው የመኪና ስፒከር ግን ያንን ሁሉ አውጥቶ ጆሮ ይወጋል። ከአሮጌ ቴፕ ትልቅ ሳጥን የተነቀለ፣ ትዊተር የሌለው 8 ኦም ወረቀት ስፒከር ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት አምፑ ጀርባ የተጻፈውን አንብቡ። ልዩነቱን እቤት ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ድምፁ ሆድ ያወጣል።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው ኧርዝ ነው። ክሩን ስትነኩ ጉምጉምታው የሚቀንስ ከሆነ ጊታሩ ደህና ነው። ግን ማይክ ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ ከሶኬቱ ወይም ከአንደኛው እቃ ኧርዝ ጎድሏል ማለት ነው። መብራታችን 220 ቮልት ነው። አቁሙ፣ ንቀሉ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። ልምምድ ይቋረጥ፣ ምንም አይደል።

አንገቱ የተጠማዘዘ ጊታር ከሆነ ግን ምንም አትልፉበት። ስትገዙ ከጭንቅላቱ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን የዞረ ከሆነ ለሻጩ መልሱና ሌላ አስወጡ። ያ ከሌለ ግዙት፣ ለብሩ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላገኘሁም። 10 ዋቱ ለቤትና ለኳየር ልምምድ ይበቃል። ድራም ካለ ይዋጣል፤ ያኔ ስፒከሩ ፊት ማይክ አቁሙና ወደ ሚክሰሩ አስገቡት። ማይኩ ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፣ መሃሉ ላይ ካረፈ ድምፁ ይሾላል።