የኩላንት ፊልተር ማስገጠም ወይስ ራዲያተር ማሳጠብ?
ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭነት ለያዘ ፒክአፕ የግቤን በረሃ ወርዶ መውጣት ቀልድ አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ኩላንቱ፣ ንጹህ መሆን አለበት። ማሳጠብ አሮጌውን ኩላንት ከነዝገቱ ያወጣል። በማግስቱ የሚረግፈውን ዝገት ግን ማን ይያዘው? ፊልተር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሂተሩ (የመኪናው ውስጥ ማሞቂያ) በሚሄደው ቱቦ ላይ በጎን ስለሚገጠም ከሚዞረው ኩላንት ጥቂቱ ብቻ ያልፍበታል፣ ቀስ እያለ ግን ዝቃጩን ይለቅመዋል፣ ቢደፈንም ዋናው ዝውውር አይቆምም። ታዲያ ግራና ቀኙ ላይ ቫልቭ አስገቡ፤ አለበለዚያ ፊልተር በቀየራችሁ ቁጥር ኩላንቱ መሬት ላይ ነው። ኮሮኮንች ላይ ቱቦውን የሚያጠብቀው ክላምፕ ይላላል፣ እሱንም እያያችሁ። የቧንቧ ውሃ ለሚሞላ ሰው ግን ፊልተር ምን ሊፈይድለት? የሟሟ ማዕድን አልፎት ይሄዳል። እኔ ኩላንቱ ከደፈረሰ መጀመሪያ አሳጥባለሁ፣ ከዚያ ፊልተር፣ እሱም ኬሚካል ያልተጨመረበትን። ንጹህ ከሆነ ብሩን ለጎማ።