የተሰነጠቀ የፋንና የኤሲ ማዞሪያ፦ ማጣበቅ፣ በሽቦ ማሰር ወይስ መቀየር?

ማዞሪያው ይዞራል፣ ፋኑ ግን አይታዘዝም። በአሮጌ ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይም ሌላ የገጠር መንገድ መኪና ላይ ይህን ስታዩ ፊት ለፊት የሚታየው ክዳን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የተጎዳው በጀርባው ያለው፣ ዘንጉ የሚገባበት ትንሽ አንገት ነው። ነቅላችሁ በስልክ መብራት ብትመለከቱት ከአፉ ወደ ውስጥ የወረደ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው የዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ጥግ በሚያርፍበት መስመር ላይ ነው። ዘንጉ ጠብቆ ስለሚገባ አንገቱን ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ፀሐይና ዕድሜ ፕላስቲኩን ሲያደርቁት ደግሞ ያ ግፊት ይረታዋል።

አማራጮቹን ሁሉ የምንመዝነው በዚህ ግፊት ነው። ግፊቱን የማይችል ጥገና፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ በወሩ ይከፈታል።

መጀመሪያ አነቃቀሉ

ማዞሪያውን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ አትፈንቅሉት፤ ፓነሉን ይቧጭራል፣ የተሰነጠቀውንም አንገት ይጨርሰዋል። የጫማ ክር ከጀርባው አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ በእኩል ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዳንዱ በጎኑ ትንሽ ብሎን አለችው፤ እሷ ሳትላላ መሳብ መስበር ነው። ባዶውን ዘንግ ደግሞ በፒንሳ እያዞራችሁ አትንዱ። ዘንጉ ፕላስቲክ ከሆነ በሁለት ቀን ጠርዙ ይበላል፤ ያኔ የሚገዛው ማዞሪያ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ስዊቹ ነው።

አንድ ነገር አትጣሉ፦ አንገቱ ውስጥ የተጠማዘዘች ስስ የብረት ስፕሪንግ ልትኖር ትችላለች። ዘንጉን አጥብቃ የምትይዘው እሷ ናት። ስትነቅሉ ዘንጉ ላይ ቀርታ ከሆነ አውጥታችሁ አስቀምጧት፣ ለቀጣዩ ማዞሪያ ታስፈልጋለች።

አንገቱ ሳይሰነጠቅ ቀልጦ ወይም ተጣምሞ ካገኛችሁት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ የመጣው ከፋኑ ስዊች ነው፤ ከኋላ ያለው ሶኬት ተቃጥሎ እንደሆነ ሳይታይ ማዞሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሱፐር ግሉ ብቻውን

ከሁሉ ርካሹና ፈጣኑ ይህ ነው፣ የሚቆየው ግን ጥቂት ነው። ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሰባበራል፤ የሚከፍተውን ግፊት ተለጥጦ መሸከም አይችልም። ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ወደዚያ ይጠጋል። ትልቁ አደጋ ግን ማዞሪያውን ዘንጉ ላይ እንዳለ ማጣበቅ ነው። ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ ወርዶ ስዊቹ ውስጥ ይገባና አድርቆ ያስቀረዋል። ጭሱም ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጭጋግ ይተዋል።

ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሱፐር ግሉ ማንጠብጠብም የተለመደ ነው። ወዲያው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከአንገቱ ውጭ የተሸረፈ ቦታ ለመሙላት ጥሩ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ግን ዘንጉ አይገባም፣ መሰርሰሩም ያስቸግራል።

ኢፖክሲ ከሽቦ ወይም ከቀለበት ጋር

ማዞሪያው ጽሑፉና መብራቱ ደህና ከሆነ የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ግፊቱን የሚይዘው ማጣበቂያው አይደለም፣ አንገቱን ከውጭ የታጠቀው ብረት ነው። ኢፖክሲው ብረቱ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዘዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ፣ ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ 0.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ግማሽ ሜትር፣ ቁጥር 180 የብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮልና ትንሽ ቫዝሊን ነው። አንገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩትና በአልኮል ጥረጉት። ቤንዚን ቅባት ይተዋል፤ አሴቶን ደግሞ ኤ.ቢ.ኤስ የሚባለውን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። ከሁለቱ ቱቦዎች እኩል እኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል አውጥታችሁ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን አንድ ደቂቃ ያህል አሹት። ስንጥቁና የአንገቱ ውጭ ላይ ቀቡ፣ ቀዳዳው ውስጥ አይግባ። ከዚያ ሽቦውን ከሥር ጀምራችሁ ክር በክር አጠጋግታችሁ ከ8 እስከ 10 ዙር አጥብቁ፤ ስንጥቁ ሲዘጋ በዓይን ይታያል። ጫፎቹን ጠምዝዛችሁ ቁረጡ፣ ላዩን በቀረው ኢፖክሲ ሸፍኑ። ቀዳዳው ቅርጹን እንዲጠብቅ ዘንጉን ቫዝሊን በስሱ ቀብታችሁ ማዞሪያውን አንዴ አስገቡና ወዲያው አውጡት።

ማሸጊያው «በ5 ደቂቃ» ቢልም 24 ሰዓት ሳይሞላ አትግጠሙት። ከቻላችሁ በዝግታ የሚደርቀውን ዓይነት ግዙ፣ ይበልጥ ይጠነክራል።

በሽቦ ፋንታ ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙበት የመዳብ ቱቦ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ እንደ ቀለበት ማልበስ ይቻላል። ግድግዳው 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የግማሽ ኢንች ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 11.1፣ የ3/8 ኢንቹ ደግሞ 7.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንገቱን በካሊፐር ለኩና የሚቀርበውን ምረጡ። ቀለበት ያምራል፣ ግን አንድ ችግር አለው፦ ስፋቱን በጠቅላላ 1.6 ሚሊ ሜትር ይጨምርበታል። አንገቱ በፓነሉ ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ይታከካል ወይም ጭራሹን አይገባም። ሽቦው የሚጨምረው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

በጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፒ ፒ» ወይም «ፒ ኦ ኤም» የሚል ምልክት ካለ ተራ ማጣበቂያ አይዘውም። እዚህ ላይ ሽቦው ብቻውን ሥራውን ይሠራል፤ ማጣበቅ ብቻ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ያገለገለ፣ አዲስ ወይስ ሌላ ዓይነት

ያገለገለ ማዞሪያ ከሶማሌ ተራ ስትፈልጉ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በመኪናው ስም ብቻ አትግዙ። ቅርጹ አንድ የመሰለ ማዞሪያ ቀዳዳው ሊለያይ ይችላል። ስትመርጡ አንገቱን በጣት ጨመቅ አድርጋችሁ በመብራት እዩ፤ ነጭ መስመር ከታየ ሊሰነጠቅ የተዘጋጀ ነው። ያገለገለው ከእናንተው ጋር እኩል ፀሐይ የበላ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ገና ሳይሰበር ሽቦውን ማሰር ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አዲስ ኦሪጅናል ከሁሉ ይወደዳል፣ ግን ምልክቱ፣ መብራቱና ልኩ ያለ ሥራ ይገጥማል። በአዳዲሶቹ ሃይሉክሶች ላይ ባለ አራት ጎማውን የሚመርጠው በሚዞር ስዊች ነው፤ ለእሱ ከዚህ ሌላ አንመክርም። ጭቃ ውስጥ ኤል 4 (አራቱንም ጎማ በዝቅተኛ ማርሽ የሚያስነዳው ቦታ) ላይ መሆን አለመሆኑን የምትጠራጠሩበት ማዞሪያ ትርፉ ችግር ነው።

ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚገዛው የአሉሚኒየም ማዞሪያ አይሰነጠቅም፤ በጎኑ ባለች ትንሽ ብሎን ይጠብቃል። አብዛኛው ለ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ የተሠራ ነው፣ የእናንተን ሳትለኩ አትክፈሉ። ብሎኗ በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ማረፍ አለባት፤ ዘንጉ ፕላስቲክ ከሆነ ስትጠብቅ ትቦረቡረዋለች። የሌሊት መብራቱም ይቀራል። ዘንጉ ብረት ለሆነና ለውበቱ ለማይጨነቅ ሰው ግን ጠንካራ ምርጫ ነው።

ስሪዲ ፕሪንት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ ስለ ቁሱ ይጠይቅ። ፒ.ኤል.ኤ የሚባለው 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስ መስኮቱ ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ ይጣመማል። ኤ.ኤስ.ኤ ወይም ኤ.ቢ.ኤስ ይሁን፣ ውስጡም ሙሉ በሙሉ የተሞላ። ቀዳዳዎች ሲታተሙ ስለሚጠቡ ለ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ 6.2 ማዘዝ ይሻላል። ዋጋ የሚያወጣው ምትክ ጭራሽ ለጠፋለት መኪና ነው።

ከመግጠማችሁ በፊት

የሙቀት ማዞሪያው በገመድ የሚሠራ ከሆነ ባዶውን ዘንግ በጨርቅ ይዛችሁ በሁለት ጣት አዙሩት። ከከበደ ማዞሪያውን የሰበረው ገመዱ ነው፤ አዲሱም በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ፓነሉን ፈታችሁ የገመዱን ጫፍና ሂተሩ ላይ ያለውን መታጠፊያ የሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት፣ ከዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ ያህል አመላልሱት። የሞተር ዘይት አቧራ ስለሚይዝ አይሆንም። አሁንም ካልላላ ገመዱን ከሂተሩ ጫፍ አላቁና ለየብቻ ሞክሩ፦ ገመዱ ብቻውን ቀሎ ከሄደ የደረቀው የሂተሩ መታጠፊያ ነው፣ ከከበደ ገመዱ ይቀየር።