«ድምፅ ያግዳል» ተብሎ የሚሸጠው የስፖንጅ መከለያ፦ እኔ ተሸውጃለሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት

ሳሎን ጥግ ላይ የሥራ ቦታ ለማበጀት የምታስቡ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ።

የምሠራው ከቤት ነው፤ የራሴ የምለው ክፍል ግን የለኝም። ሳሎኑ የቴሌቪዥንም የልጆችም የእንግዳም ነው። ስብሰባ ላይ ሆኜ ከኋላዬ ካርቱን ሲጮህ ማይክ ለመዝጋት መሯሯጥ ሲሰለቸኝ፣ በስፖንጅ የተለበጠ ባለ ሦስት እጥፍ መከለያ በኦንላይን አዘዝኩ። ማስታወቂያው «85 በመቶ ድምፅ ያስቀራል» ይላል። መጣ፣ ዘረጋሁት፣ ከኋላው ተቀመጥኩ። ልጆቹ በሪሞት ሲጣሉ ማን ማንን ምን እንዳለው አንድ ቃል ሳይቀር ይሰማኛል።

ለሻጩ ስጽፍለት «ታምቆ ስለተላከ ስፖንጁ እስኪነፋ 72 ሰዓት ይጠብቁ» አለኝ። ጠበቅኩ። ነፋ፤ ለውጥ ግን የለም። ቀጥሎ «ሁለት ቢጨምሩ ይሻላል» አለ። ልመልሰው ስል ደግሞ «ከተከፈተ አይመለስም»።

ያቺ 85 ከየት እንደመጣች ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ዕቃው ላይ «ኤንአርሲ 0.85» የሚል ጽሑፍ አለ። ኤንአርሲ ማለት አንድ ነገር ላዩ ላይ ያረፈውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚውጥ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ በ250፣ በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል ማለት እንጂ ወደ ማዶ የሚያልፈውን ያስቀራል ማለት አይደለም። የሚያልፈው የሚለካው ኤስቲሲ በሚባል ሌላ ቁጥር ነው። እሱ ማስታወቂያው ላይ የትም የለም።

ላብራቶሪ አያስፈልጋችሁም። ስፖንጁን አፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ እፍ በሉ፤ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ነገር ድምፅንም ያሳልፋል። ወይም ስልካችሁ ላይ ሙዚቃ ክፈቱና ስፖንጁን ጣል አድርጉበት። ትንሽ ይታፈናል፣ ያው ነው። ድምፅን የሚያስቆመው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው። በሁለት ጣት የሚነሳ መከለያ ምኑን ያግዳል?

ቁመቱም ሌላ ጣጣ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ፣ ያ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው ወፍራም ጉምጉምታ፣ ሞገዱ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል። የእኔ መከለያ 1.7 ሜትር ነው። ከላይ ተጠምዝዞ ያልፈዋል፤ የቀረው ደግሞ ጣሪያ ላይ ነጥሮ ይመጣል።

በጣም ያናደደኝ ግን እሳቱ ነው። መከለያውን ከጠረጴዛ መብራትና ከኤክስቴንሽን አጠገብ አቁሜው ከርሜያለሁ። ተራ የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ በፍጥነት የሚቀጣጠል፣ ጭሱም መርዛማ የሆነ ነገር ነው። ዕቃው ላይ ስለ እሳት መከላከያ አንዲት ቃል አልተጻፈችም። ልጆች ያሉበት ቤት!

ሐቁን ለመናገር አንድ ነገር ሠርቷል፦ የእኔ ድምፅ ስብሰባ ላይ እንደ ድሮው አያስተጋባም። ካሜራ ላይም የሳሎኑን ዝርክርክ ይሸፍንልኛል። ለዚያ ግን መጋረጃ ይበቃ ነበር።

የጠቀመኝ በመጽሐፍ የታጨቀ መደርደሪያ ነው። በእኔና በቴሌቪዥኑ መሃል አቆምኩት። ሙሉ በሙሉ አያግድም፣ ግን ከስፖንጁ በብዙ ይሻላል። ማይኩ አፍ አጠገብ የሆነ የጆሮ ማዳመጫም ያዝኩ፤ የቤቱ ጫጫታ ወደ ስብሰባው መግባቱ በጣም ቀነሰ። ወሬው ለእኔ እንዳይሰማኝ ደግሞ ቬንትሌተር አጠገቤ እከፍታለሁ፤ ወጥ የሆነው ሹሹታው የሰውን ንግግር ያደበዝዘዋል።

የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ ኤስቲሲው ስንት ነው? የእሳት ፍተሻ ማስረጃ አለው? እኔም ዘግይቼ ጠይቄዋለሁ። የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝና ከሥሩ «ጥራቱ አንደኛ ነው» ብሎ ጻፈ።